የአንዱን ብራንድ ባክሆ በሌላ ብራንድ ቦብካት ላይ መግጠም፦ ከመለካት እስከ መጀመሪያው ቁፋሮ

ፕሌቱ (ማሽኗ ፊት ላይ ዕቃ የሚንጠለጠልበት ሳህን) ገባ ማለት ባክሆው (ተገጣሚው የመቆፈሪያ ክንድ) ገጠመ ማለት አይደለም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ብዙ ባለማሽን የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ያገለገለ ባክሆ ለብቻው ይገዛል፣ ያለችው ማሽን ግን ሌላ ብራንድ ናት፣ ፕሌቱ ላይ ያንጠለጥለዋል፣ ሁለቱን ሆዝ ይሰካል፣ ተንቀሳቀሰ፣ በቃ ገባ ብሎ ወደ ሥራ። ቻቻ ሜዳ ላይ መረሬ ሲቆፍር ምንም የለም፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለፋውንዴሽን ገብቶ የመጀመሪያውን ጥቁር ድንጋይ ሲነክስ ግን ወይ የባኬት ፒስተኑ ዘንግ ይጣመማል ወይ የፕሌቱ ከንፈር ይቀደዳል። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሂዱበት፣ አንዱን ዘላችሁ ወደ ሌላው አትለፉ።

ቦብካት የምለው ሁሉንም ትንንሽ ሎደር ነው፣ ኬዝም ትሁን ጌህል፣ ኒው ሆላንድም ትሁን ጄሲቢ።

1. ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፦ ማሽኗ ትችለዋለች?

ሁለት ጽሑፍ ፈልጉ። አንዱ ማሽኗ ላይ ያለው ነው፣ ሌላው ባክሆው ላይ የተለጠፈው። ተፍቆ ከሆነ የሞዴል ቁጥሩን ይዛችሁ ማንዋሉን ፈልጉ። ማንዋሉም ከጠፋ በግምት አትሂዱ፣ ባክሆውን የመኪና ሚዛን ላይ አስመዝኑት።

*ክብደት።* የማሽኗ የመሸከም አቅም ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ባለጎማ ማሽን ላይ የምትገለበጥበት ክብደት ግማሽ ነው፣ ባለ ሰንሰለት ላይ ደግሞ 35 ፐርሰንቱ። 800 ኪሎ ትሸከማለች የተባለች ባለጎማ ማሽን 1,600 ኪሎ ላይ ኋላዋን ታነሳለች ማለት ነው። ባክሆ ግን እንደ ባኬት ጠጋ ብሎ አይቀመጥም፣ ክብደቱ ወደፊት ይወጣል፣ ስለዚህ ባክሆው ከአቅሟ በታች ሆኖ በደንብ ትርፍ መተው አለበት። ልክ ለልክ ከሆነ ተዉት።

*ዘይት።* ባክሆው የሚፈልገውን ሊትር በደቂቃ እና ማሽኗ በኦግዚለሪ መስመር (ለተገጣሚ ዕቃ ዘይት የሚልከው) የምትሰጠውን አወዳድሩ። አሜሪካ ሠራሽ ላይ በጋሎን ተጽፎ ካገኛችሁ በ3.8 አባዙት፣ 17 ጋሎን ወደ 64 ሊትር ይሆናል። ግፊት በፒኤስአይ ከሆነ ለ14.5 አካፍሉት፣ 3,000 ፒኤስአይ ወደ 207 ባር ነው። ማሽኗ የምትሰጠው ካነሰ ባክሆው ይሠራል ግን ይዘገያል፣ ይሄ አይገድልም። ከበዛ ነው ችግሩ፣ ዘይቱ ይግላል፣ ክንዱ እየተወረወረ ኦፕሬተሩ መቆጣጠር ያቅተዋል። ሃይ ፍሎው (ዘይት አብዝቶ የሚልክ) ያላት ማሽን ከሆነች ለባክሆ ሃይ ፍሎውን አጥፉት።

*ከፍታ።* ይሄን ማንም አያስበውም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ደግሞ በየ100 ሜትሩ በግምት 1 ፐርሰንት ጉልበት ይጥላል፣ ስለዚህ እዛ ስትሠራ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ስትቆፍር አይታችሁ ደስ ያለቻችሁ ማሽን ደጋው መሐል ሜዳ ከተማ ስትወጣ ጥርሷን ድንጋይ ውስጥ ስትከት ሞተሯ ታጉረመርምና ልትጠፋ ትደርሳለች። ቱርቦ ከሌላት አነስ ያለ ባክሆና ጠባብ ባኬት ምረጡ።

2. የሚዘጋጅ ዕቃ

ሜትር፣ ካሊፐር፣ ቀጥ ያለ ብረት፣ ጠመኔ፣ ወፍራም ካርቶን (ለቅርጽ ማውጫም ለሊክ መፈለጊያም)፣ ፓራንኮ ወይ ክሬን፣ ከባድ የእንጨት ትራሶች፣ እስከ 400 ባር የሚያነብ ጌጅ ከነሆዙ፣ ለሆዝ ጫፎች ክዳን፣ ንጹህ ጨርቅ፣ ግራሶ፣ መነጽር፣ ጓንት።

ዘይትም ግዙ፣ ግን መጀመሪያ የማሽኗን ማንዋል እዩ። አንዳንዷ ሃይድሮሊኳ ውስጥ የሞተር ዘይት ነው የምትጠቀመው፣ አንዳንዷ ሃይድሮሊክ 46፣ አንዳንዷ የራሷን። የገዛችሁት ባክሆ ፒስተኖች ውስጥ የድሮው ማሽን ዘይት አለ፣ ስንት ዓመት ቆሞ ውሃ የገባበት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ነው መጀመሪያ ወደ እናንተ ታንክ የሚገባው። ስለዚህ ባክሆው መሬት ላይ ተጋድሞና ተደግፎ እያለ የእያንዳንዱን ፒስተን ሆዝ ቀስ ብላችሁ ፈትታችሁ አፍስሱት። ነጭ ወተት የመሰለ ከወጣ ውሃ ነው።

3. ፕሌቱን ለኩ

አሁን ያሉ አብዛኞቹ ማሽኖች አንድ ዓይነት ፕሌት ነው ያላቸው፣ ላይኛው ከንፈር ስር ይገባል፣ ከታች ሁለት ሽብልቅ ፒኖች በቀዳዳው ወርደው ይቆልፋሉ። የድሮ ሞዴሎች ግን የየራሳቸው ነበራቸው፣ ያገለገለ ስትገዙ የሚገጥማችሁም እሱ ነው።

የምትለኩት፦ የከንፈሩን ርዝመት ከጫፍ ጫፍ፣ ከከንፈሩ እስከ ታችኛው ቀዳዳ ያለውን ቁመት፣ በሁለቱ ቀዳዳዎች መሃል ያለውን ርቀት፣ የከንፈሩን ዘንበል። ዘንበሉን በሜትር አታገኙትም፣ ካርቶን ቆርጣችሁ ባክሆው ላይ ልክ አድርጉና ካርቶኑን ወስዳችሁ ማሽኗ ላይ አስቀምጡት፣ በካርቶኑና በብረቱ መሃል ብርሃን ካያችሁ አይገጥምም።

ከዛ ያለ ሆዝ አንዴ ሞክሩት። ማሽኗን በዝቅተኛ ዙር አስጠጉ፣ ፕሌቱን ወደፊት ድፉ፣ ከንፈሩ ስር ግቡ፣ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ መልሱ፣ ቆልፉ። ባክሆው እንጨት ላይ እንዳረፈ ሞተር አጥፉና ባትሪ ይዛችሁ ፊት ለፊት ተንበርክካችሁ ከታች እዩ። ሁለቱም ፒን በቀዳዳው አልፎ መታየት አለበት፣ እና የሽብልቁ ዘንበል የቀዳዳውን ጠርዝ ጨብጦ ወደታች የሚጎትት መሆን አለበት። ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ግን ጠርዙን ካልነካ ባክሆው ልቅ ነው፣ እያንዳንዱ ቁፋሮ መዶሻ ሆኖ ይመታዋል። ጓንቱን አውልቃችሁ ከንፈሩ ላይ ጣታችሁን አሳልፉ፣ በአንድ በኩል የተጨፈለቀና የሚያበራ መስመር ካለ የድሮው ባለቤትም ልቅ አድርጎ ነው የሠራበት።

*ካልገጠመስ?* ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በመሃል የሚገባ አዳፕተር ነው፣ ቀላል ነው ግን ባክሆውን ወደፊት ስለሚገፋው በደረጃ 1 ያሰባችሁት ትርፍ ይቀንሳል። ሁለተኛው የባክሆውን ጀርባ ቆርጦ ትክክለኛውን ፕሌት መበየድ ነው፣ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። የማሽኗን ፕሌት ግን አትንኩ። የማሽኗ ከተቀየረ ባኬቷም ሹካዋም ሌላውም ዕቃ ሁሉ አብሮ ይበላሻል።

4. ዋናው፦ ከሻሲ ጋር ማሰር

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ ጨርሶ የማይዘለለውም ይሄ ነው። ባክሆ ሲቆፍር ማሽኗን ወደራሱ ይጎትታል፣ ወደላይም ያነሳታል። በፋብሪካ ሲሠራ ባክሆው ከሥሩ ፍሬም ይኖረዋል፣ ፍሬሙ የማሽኗ ሻሲ ፊት ላይ ባሉ መያዣዎች በፒን ይታሰራል፣ ስለዚህ ጉልበቱ የሚያርፈው ሻሲው ላይ ነው። ይሄ ከሌለ ጉልበቱ ሁሉ በማሽኗ ሁለት የባኬት ፒስተኖችና በማንሻ ክንዶቿ ያልፋል፣ እነሱ ደግሞ ለማንሳት እንጂ ለመጎተት አልተሠሩም።

ብራንድ ሲለያይ የማይገጥመው በአብዛኛው ይሄ መያዣ ነው። ፕሌቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም የሻሲው ስፋትና ከፍታ ይለያያል።

ሀ. መጀመሪያ ለእናንተ ማሽን ሞዴል የተሠራ የመግጠሚያ ኪት ካለ ጠይቁ። ካለ ውድ ቢሆንም እሱን ግዙ።

ለ. ከሌለ ማሽኗን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ ክንዶቹ ጨርሰው ይውረዱ፣ የጎማ ንፋስ እኩል ይሁን። ሻሲው ፊት ለፊት ከታች ፋብሪካው የተወው የቡሎን ቀዳዳ አለ ወይ ብላችሁ ጭቃውን ጠርጋችሁ ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ሐ. ባክሆውን አንጠልጥላችሁ፣ እግሮቹን (ሲቆፍር የሚደገፍባቸውን) ዘርግታችሁ መሬት አስነክታችሁ፣ ከባክሆው ፍሬም እስከ ሻሲው ያለውን ክፍተት በግራም በቀኝም ለኩ። ግራና ቀኙ ከተለያየ ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት ምክንያቱን አግኙ፣ ወይ ጎማ ነው ወይ ፍሬሙ የተጣመመ ነው።

መ. መያዣውን በካርቶን ሥሩ፣ ከዛ በቀጭን ላሜራ፣ ከዛ ነው በወፍራሙ። ውፍረቱ ባክሆው ላይ ካለው የፋብሪካ መያዣ አይነስ።

ሠ. ማሽኗ ላይ ነጥብ ነጥብ ብቻ በይዱ፣ ፒኑ በእጅ እየገፋችሁት መግባቱን እዩ፣ ከዛ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ሙሉውን በይዱት። በብየዳ ሙቀት ስለሚጎተት ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ በይዱ።

ረ. ሻሲው ላይ የግድ መበየድ ካለበት ባትሪውን ፍቱ፣ ኮምፒውተር ካላት የኮምፒውተሯን ሶኬት ንቀሉ፣ የማሳውን (የብየዳ ማሽኑን የመሬት ገመድ) ክላምፕ ብየዳው አጠገብ እሰሩ። ማሳው ሩቅ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በቤሪንግና በፒስተን አልፎ ይበላቸዋል። ክንድ ላይና የኦፕሬተሩ ካቢን ላይ ምንም አትበይዱ።

ስለ ብየዳው አንድ ነገር፣ ኤሌክትሮድ 7018 ይሁን፣ ደረቅ ይሁን፣ ከተከፈተ ከሰነበተ ፓኬት አትጠቀሙ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ብየዳውን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል፣ በሸራ ጋርዱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ያደረበትን ወፍራም ብረት ደግሞ እንዲሁ አትበይዱት፣ እጅ አስቀምጣችሁ ማቆየት እስኪያቅት በእሳት አሙቁት፣ አለበለዚያ ስፌቱ ላይ ሳይታይ ይሰነጠቃል።

ፒኑን ቶርኖ ቤት ከጠንካራ ብረት አሠሩት። ፌሮ ቆርጦ ፒን ማድረግ ተለምዷል፣ አደራ ይሄን አታድርጉ። ፌሮ ክብ አይደለም፣ ጥርሱ ብቻ ነው የሚነካው፣ በጥቂት ቀን ቀዳዳውን እንቁላል ያደርገዋል። በፒንና በቀዳዳ መሃል ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊሜትር አይብለጥ፣ ጫፉ በኮፒሊያ (ፒኑ እንዳይወጣ የሚይዝ ስንጥቅ ቆላፊ) ይቆለፍ፣ ሽቦ አይሆንም።

5. ሆዙን ማገናኘት

መጀመሪያ ግፊቱን አውጡ፦ ሞተር አጥፉ፣ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጋችሁ የኦግዚለሪውን መቆጣጠሪያ ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ አንቀሳቅሱ። የባክሆውንም ሌቨሮች እንደዛው።

አያያዣዎቹ ካልተመሳሰሉ የባክሆውን ቀይሩ፣ ሁለቱንም ጠፍጣፋ ፊት ያላቸው አድርጉ። ጥርሱን ግን እዩት። አሜሪካ ሠራሽና አውሮፓ ሠራሽ ፊቲንግ በዓይን ይመሳሰላል፣ ሁለት ዙር ይገባል፣ ከዛ ይጠብቃል፣ ሰው በቁልፍ አስገድዶ ያስገባዋል፣ ከዛ ሲሞቅ ያፈሳል። በእጅ እስከ መጨረሻው ካልዞረ ጥርሱ ሌላ ነው፣ ሆዝ የሚጨምቁ ቤቶች ወስዳችሁ መቀየሪያ አስደርጉ። ቴፍሎን ጠምጥሞ ማስገባትም መፍትሔ አይደለም፣ ቁራጩ ተነቅሎ ቫልቭ ውስጥ ይገባል።

የትኛው መስመር ግፊት እንደሚሰጥ በቀለም አትመኑ። ጌጁን በአንዱ ላይ ስኩ፣ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አስነሱ፣ ኦግዚለሪውን ለ3 ሰከንድ ብቻ ክፈቱ፣ ቀስቱ ከወጣ እሱ ነው። ካልወጣ ሌላኛውን ሞክሩ። ግፊቱ ባክሆው ላይ ከተጻፈው የሚበልጥ ከሆነ ባክሆው የራሱ ሪሊፍ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍስ) እንዳለውና እንደሚሠራ ሳታረጋግጡ አታስነሱ።

ግፊት ወደ ባክሆው መግቢያ፣ መመለሻ ወደ መመለሻ። ተገልብጦ ከተሰካ ግፊቱ በመመለሻ በኩል ገብቶ የቫልቩን ሲል (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ላስቲክ) ያፈነዳል። ስትሰኩ መመለሻውን አስቀድሙ፣ ስትነቅሉ መጨረሻ ላይ ንቀሉት። አያያዣው ጥርት ብሎ እስኪቆልፍ ግፉት፣ ግማሽ የገባ መመለሻ ተዘጋ ማለት ነው፣ ጉዳቱም ያው ነው።

*አልገባ ካለ* በውስጡ ግፊት ታግቷል፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ባክሆ ሁሌም እንደዚህ ያደርጋል። በመዶሻ አትምቱት። መነጽር አድርጋችሁ፣ በጨርቅ ሸፍናችሁ ባክሆው በኩል ያለውን ፊቲንግ ሩብ ዙር ላሉት፣ ጠብታ ወጥቶ ሲቆም አጥብቁት።

6. የወንበሩ መቆለፊያ

አንዳንዱ ባክሆ የራሱ ወንበርና ሌቨር አለው፣ ኦፕሬተሩ ከካቢን ወጥቶ ነው የሚሠራው። ማሽኗ ግን ሰው ከወንበሯ ሲነሳ ወይ የወንበሩ መከላከያ ባር ወደ ላይ ሲነሳ ዘይቱን ትቆርጣለች። እዚህ ጋ ሽቦ አገናኝቶ ማታለል የሚሉት ነገር አለ፣ አይሆንም። ያ ስዊች የተቀመጠው ማንም ሰው በስህተት ሌቨር ገጭቶ ማሽኗ ሰው ላይ እንዳትሄድ ነው፣ ባክሆው ላይ የተቀመጠው ሰው ደግሞ በክንዶቹና በጎማዎቹ መሃል ነው ያለው። የማሽኗ ብራንድ ለባክሆ የሠራው የኤሌክትሪክ ኪት ካለ እሱን አስገቡ፣ ከሌለ ከካቢን ውስጥ የሚነዳ ባክሆ ፈልጉ። ሁለቱም ካልሆነ ያንን ባክሆ አትግዙት።

7. መጀመሪያ ማስነሳት

1. ሁሉንም ፒን ግራሶ ስጡ።
2. ጠዋት ከሆነ ሞተሩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ይሙቅ። በውርጭ ዘይቱ ወፍራም ነው፣ ቶሎ ዙር ከተሰጠ ፖምፓው አየር ይስባል።
3. ሰው ሁሉ ከክንዱ መዞሪያ ውጭ ይቁም።
4. ኦግዚለሪውን ክፈቱና ሌቨር ሳትነኩ ሞተሩን አዳምጡ። ሌቨር ሳይነካ ሞተሩ ካጉረመረመ ዘይቱ መመለሻ አጥቷል፣ ወዲያው ዝጉ። ወይ መመለሻው ግማሽ ነው የገባው፣ ወይ የባክሆው ቫልቭ ዝግ ዓይነት (ሌቨር ካልተነካ ዘይት የማያሳልፍ) ነው፣ ያ ከሆነ ቫልቩ ሳይቀየር በዚህች ማሽን አይሠራም።
5. ፒስተኖቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እስከ ጫፍ ዘርጉና ሰብስቡ። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ አየር ነው። ደጋግሙት።
6. ሁሉም ፒስተን ተሰብስቦ ሞተር ጠፍቶ ዘይቱን ለኩ። ይጎድላል፣ ሙሉ።
7. ሊክ በካርቶን ፈልጉ። በእጅ አትዳስሱ። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፣ መጀመሪያ እንደ እሾህ ነው የሚሰማው፣ በሰዓታት ውስጥ ግን እጅ ያስቆርጣል። ከገባ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ሂዱ፣ በግፊት የገባ የሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑን ለሐኪሙ ንገሩ፣ ፋሻ አስሮ መመለስ አይሆንም።

8. የመጀመሪያው ቁፋሮ

ለስላሳ መሬት ላይ ጀምሩ። ከሥሩ የውሃ ቱቦ ወይ የመብራት ገመድ እንደሌለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ክንዶቹ ጨርሰው ወርደው፣ የቁም ፍሬን ተይዞ፣ እግሮቹ በጣውላ ላይ ይረፉ፣ በተለይ ክረምት ላይ ያለ ጣውላ መረሬው ይውጣቸዋል።

አንድ ሰው ጎን ላይ ራቅ ብሎ ቆሞ የፕሌቱን ከንፈርና የሻሲውን ፒን ብቻ ይይ። ባክሆው ሲጎትት ከንፈሩ ላይ ክፍተት ከተከፈተና ከተዘጋ መያዣው ጉልበቱን አልያዘውም፣ አቁሙ። ግማሽ ሰዓት ከሠራችሁ በኋላ ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ፣ የብየዳው ጠርዝ ላይ ቀለም የተሰነጠቀ መስመር ካለ ከሥሩ ብረቱም ተሰንጥቋል ብላችሁ ያዙት። ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ የሃይድሮሊክ ፊልትሮውን ቀይሩ።

9. ሲያስቸግር

*ሁሉም ነገር ቀርፋፋ ከሆነ፦* የዘይት ልክ፣ ከዛ አያያዣዎቹ፣ ከዛ የሞተር ዙር። ያለ ጭነት ፈጣን ሆኖ ሲነክስ ብቻ የሚደክም ከሆነ ሪሊፉ ነው ወይ የሞተሩ ጉልበት ነው። ሞተሩ ዙር ከጣለ ሞተሩ ነው፣ ሞተሩ ዙር ሳይጥል ባኬቱ ብቻ ከቆመ ሪሊፉ ነው። ሪሊፉን ያለ ጌጅ አታጥብቁ።

*ዘይቱ ቶሎ የሚግል ከሆነ፦* ሃይ ፍሎው መጥፋቱን እዩ፣ ራዲያተሩን አጽዱ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ቀትር ላይ እረፍት ስጧት።

*አንድ ፒስተን ብቻ እየሰመጠ ከሆነ፦* ብራንድ መለያየቱ አይደለም፣ የዛ ፒስተን ሲል አልቋል።

*የማሽኗ ኋላ የሚነሳ ከሆነ፦* ክብደት ኋላ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ማንዋሉ ይፈቅድ እንደሆነ እዩ። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ እግሮቹ በደንብ ሳይረግጡ ክንዱ ሙሉ መዘርጋቱ ነው።

10. ስታጓጉዙ

ሎቤድ ላይ ጭናችሁ ጣርማበርን የምትወርዱ ከሆነ ባክሆውን ፍቱትና ለብቻው በሰንሰለት እሰሩት። ለአጭር መንገድ ሳትፈቱት የምትሄዱ ከሆነ ክንዱን አጥፉ፣ የመዞሪያውን መቆለፊያ ፒን አስገቡ፣ ባክሆው ዝቅ ብሎ፣ ዳገት ላይ ከባዱ ጎን ሁሌ ወደ ላይ ዞሮ ይሁን። ስትፈቱት ደልዳላ ቦታ ላይ እግሮቹና ባኬቱ መሬት ነክተው፣ ግፊቱ ወጥቶ፣ መጀመሪያ ሆዙ፣ ከዛ የሻሲው ፒን፣ መጨረሻ ላይ ፕሌቱ። የሆዞቹን ጫፍ ወዲያው በክዳን ዝጉ፣ ክዳን ከጠፋ በንጹህ ላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ።